በእጅ የተቀረጸ የቆዳ ቀበቶ አሠራር፦ ከመርካቶ ቆዳ እስከ ወገብ

ፒያሳም ሂዱ ለገሃር፣ ሜክሲኮም ሂዱ መርካቶ፣ ቀበቶ ተንጠልጥሎ የማይሸጥበት ጥግ የለም። ዋጋውም አይከብድም፣ መልኩም ያምራል። ጣጣው የሚመጣው ጥቂት ወራት ከታጠቁት በኋላ ነው። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል፣ ፊቱ ይላጣል፣ ከውስጡ የተጨፈለቀ ወረቀት የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። እውነተኛው ቆዳ ከላይ ስስ ሆኖ የተለጠፈ ነው፤ አንዳንዴ ያም የለም።

ከአንድ ወጥ ወፍራም ቆዳ የተቆረጠ ቀበቶ ግን ለዓመታት ይታጠቁታል። ወገብን እየለመደ፣ ቀለሙም እየበሰለ ይሄዳል። በላዩ ላይ ስም፣ የሐረግ ጌጥ ወይም መስቀል በእጅ መቅረጽ ይቻላል። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ቀበቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ነው። ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ነገሮች ላይ ግን ድርድር የለም፦ የቆዳው ዓይነትና ስትቀርጹ የሚኖረው እርጥበት። ስለ እነሱ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

ቆዳውን መምረጥ

ቅርጽ የሚይዘው ከዛፍ ቅርፊትና ከመሳሰሉት እጽዋት በሚገኝ ታኒን የለፋ ቆዳ ነው። መርካቶ ስትገቡ የሚበዛው ግን ክሮም በተባለ ማዕድን ጨው የለፋው ነው። ፋብሪካዎች የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በክሮም ማልፋት አንድ ሁለት ቀን ቢፈጅ፣ በእጽዋት ግን ሳምንታት ይወስዳል። ክሮም ለጃኬት፣ ለቦርሳ፣ ለጫማ ፊት አሪፍ ቆዳ ነው። ለቀረጻ ግን አይሆንም። ብትመቱት ይሰረጉዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የበግ ቆዳችንም በዓለም ላይ ለጓንት የታወቀ ነው፤ ለቀበቶ ግን ስስ ነው፣ ይለጠጣል። የሚያስፈልገን የከብት ቆዳ ነው።

ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም። መጀመሪያ የተቆረጠውን ጠርዝ እዩ። በክሮም የለፋው መሀሉ ላይ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም አመድማ መስመር ይታይበታል። በእጽዋት የለፋው ደግሞ እስከ ውስጡ ድረስ ገለባማ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ቀጥሎ ውኃ ሞክሩ። ሻጩን «ጋሼ፣ ከዚህ ቆዳ ቁርጥራጭ ይኖርዎታል? ውኃ ላስነካው ነበር» በሉት። ሥራውን የሚያውቅ ሻጭ አይከፋውም፤ እንዲያውም ምን እንደምትፈልጉ ቶሎ ይገባዋል። በእጽዋት የለፋ ያልተቀባ ቆዳ ጠብታዋን ይመጣታል፣ ቦታውም ይጠቁራል። ከዚያ እርጥቡን ቦታ በጥፍር ጫን በሉት። የጥፍሩ ምልክት ሳይጠፋ ከቀረ ያ ቆዳ የእናንተ ነው። ጠብታዋ ከላይ እየተንከባለለች ከወረደች ወይ ክሮም ነው፣ ወይ ፊቱ በቀለምና በማሸጊያ ተሸፍኗል።

ያልተቀባ ቆዳ ካጣችሁ ለጫማ ሰፊዎች የሚሸጠውን የሶል ቆዳ ጠይቁ። እሱም በአብዛኛው በእጽዋት የለፋ ነው። ተጠቅጥቆ የተሠራ ስለሆነ ይጠነክራል፣ ረዘም ላለ ጊዜም መራስ ይፈልጋል። ግን ቅርጽ ይይዛል።

ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከ3 በታች ከሆነ ቀበቶው ይጣጠፋል። ከ4 በላይ ከሆነ ደግሞ በሱሪው ማለፊያ ውስጥ ማስገባቱ ትግል ነው። ከቆዳው ክፍሎች ሁሉ የሚሻለው ጀርባው ነው፣ ከአከርካሪው ጎንና ጎን ያለው። የሆድ በኩሉ ልል ነው፤ ከዚያ የተቆረጠ ቀበቶ በጥቂት ወር ውስጥ አንድ ቀዳዳ ያህል ይለጠጣል። ቆዳውን ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ እጠፉት። ትልልቅ የላላ ሽብሽብ ካወጣ ተዉት።

የእኛ ከብት ሻኛ ስላለው እዚያ አካባቢ ያለው ቆዳ ጠፍጣፋ ሆኖ አይተኛም። ስለዚህ የምትቆርጡት ቀጥ ያለ መስመር ሻኛውን ሳይነካ እስከ 125 ሴንቲ ሜትር እንደሚደርስ እዚያው ሱቁ ውስጥ ዘርግታችሁ ለኩ። ቆዳ የሚሸጠው በስኩዌር ፊት ነው፤ ስፋቱ በቂ ሆኖ ርዝመቱ ሊያጥር ይችላል። መዥገር የነከሰበትን ነጥብ፣ የእሾህ ጭረትን፣ የጋለ ብረት ምልክትንም ፈልጉ። ቀለም አይሸፍናቸውም፤ ሲቀባ ይብስ ይጎላሉ።

ዕቃ ማሰባሰብ

የቆዳ መቅረጫ የተባለ ሙሉ ስብስብ ከውጭ ማስመጣት ይቻላል። ግን ለመጀመሪያ ቀበቶ አያስፈልግም። ስለታም ካተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ የእንጨት መዶሻ፣ ወስፌ፣ ሁለት ወፍራም መርፌ፣ ሰም የተቀባ ጠንካራ የናይለን ክር፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ስፖንጅና ክብ መብሻ ይበቃሉ። አብዛኛው መርካቶ ውስጥ የጫማና የቦርሳ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛል። ዘለበቱንም ከዚያው ግዙ። ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ ለጂንስ፣ 32 የሆነ ለሱፍ ሱሪ ይሆናል። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ከባድ የነሐስ ዘለበት ማግኔት አይስበውም፤ ከሳበው ከላይ የተቀባ ብረት ነው፣ አንድ ቀን ይዝጋል።

ከታች የምትመቱበት ጠንካራ ነገር ያስፈልጋል። የወጥ ቤት ጠረጴዛ ወይም የመቃብር ድንጋይ ከሚሠሩ ቦታዎች የእብነ በረድ ወይም የግራናይት ቁራጭ ጠይቁ። 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በቂ ነው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ከድንጋዩ ሥር የጎማ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ጠረጴዛው እግር ትክክል ላይም አስቀምጡት። ድምፁ ይቀንሳል፣ ምቱም ይበረታል። የታችኛው ፎቅ ጎረቤትም ያመሰግናችኋል።

ማህተሞቹን፣ ማለትም ጌጡን የምትመቱባቸውን ብረቶች፣ ራሳችሁ ልትሠሯቸው ትችላላችሁ። መርካቶ ውስጥ ያለው ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ወፋፍራም ሚስማርና ብሎን ግዙ። ራሱን በሞረድ ቅረጹት። ሦስት ብቻ ይበቃሉ። አንደኛው ፊቱ ሰያፍ የሆነ ነው፣ ከመስመሩ አጠገብ ያለውን ቆዳ ወደ ታች ለመጫን። ሁለተኛው ፊቱ ላይ ጥቃቅን ነጥቦች ያሉበት፣ ከጌጡ ጀርባ ያለውን ሜዳ ለመደልደል። ሦስተኛው ትንሽ ክብ፣ ለዓይንና ለፍሬ። ከሞረዱ በኋላ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እስኪያንጸባርቁ ድረስ ፈትጓቸው። ፊታቸው ላይ የቀረ ጭረት በእያንዳንዱ ምት ቆዳው ላይ ይታተማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብረትና እርጥብ የለፋ ቆዳ አይስማሙም። በቆዳው ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ ጥቁር ነጥብ ይፈጥራል። ዝገት ያለበት ማህተም አትጠቀሙ፤ ከብረት የወጣ ብናኝም ጠረጴዛው ላይ አይቅር። ነጥቡ ከመጣ ሎሚ ጨምቃችሁ በጥጥ ነካ ነካ አድርጉትና በውኃ አብሱት። አዲስ ከሆነ ይለቃል።

መለካት

የሱሪ ቁጥር አትመኑ። 34 የሚል ሱሪ ባለቤት 34 ኢንች ወይም 86 ሴንቲ ሜትር ቀበቶ ቢሠራለት ጫፉ ከዘለበቱ አይደርስም። የሚታመነው ሰውየው አሁን የታጠቀው ቀበቶ ነው። አስፈቱትና ዘርጉት። ቆዳው ዘለበቱን ይዞ ከታጠፈበት ቦታ ተነስታችሁ ዘወትር እስከሚቆልፍበት ቀዳዳ ድረስ ለኩ። ያ ቀዳዳ ተለጥጦ ስለሚታይ መጠየቅም አያስፈልግም። ቀበቶ ከሌለው ሜትሩን በሱሪው ማለፊያዎች ውስጥ አሳልፋችሁ፣ ሸሚዙ እንደገባ፣ ሳታጠብቁ ለኩ። የመጣው ሰው ትልቅ ሰው ከሆነ «አባባ፣ ትንፋሽዎን ሳይሰበስቡ ይቁሙ» ማለትን አትርሱ፤ ሜትር ሲያይ ሆዱን የማይሰበስብ ሰው ጥቂት ነው።

92 ሴንቲ ሜትር መጣ እንበል። ይህ እስከ መካከለኛው ቀዳዳ ያለው ነው። ዘለበቱን ይዞ ለሚታጠፈው 8 ጨምሩ። ከመካከለኛው ቀዳዳ በኋላ ሁለት ቀዳዳዎች በ2.5 ርቀት ይመጣሉ፣ ያ 5 ነው። ከመጨረሻው ቀዳዳ እስከ ጫፍ 9 ስጡት። ድምሩ 114 ሆነ። እናንተ ግን 120 ቁረጡ። ቆዳ ሲመታ ይሰፋል፣ ይረዝማልም፤ ትክክለኛውን ርዝመት ከቀረጻው በኋላ ትቆርጣላችሁ።

ለመቁረጥ ረጅም ቀጥ ያለ ነገር ያስፈልጋል። የአሉሚኒየም መስኮት የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የሁለት ሜትር ቁራጭ ብትጠይቁ አታጡም። ካተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አትታገሉ፤ መጀመሪያ ቀለል አድርጋችሁ መስመሩን አስይዙት፣ ከዚያ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጨርሱት።

ንድፉ

እዚህ ላይ ከሩቅ መቅዳት አያስፈልግም። የእኛ ብራና መጻሕፍት የእንጨት ገበታቸው በቆዳ ተለብጦ፣ ቆዳው ላይ መስቀልና ደርዝ በብረት ተመትቶ፣ ወርቅ ሳይቀባ በጥልቀቱ ብቻ ሲያምር ኖሯል። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ። በገጾቹ ራስጌ የሚሳለው ሐረግ ደግሞ ለቀበቶ የተፈጠረ ያህል ነው፦ ረጅም፣ ጠባብ፣ ራሱን የሚደጋግም።

38 ሚሊ ሜትር ስፋት ካላችሁ ከላይና ከታች 6 ሚሊ ሜትር ሜዳ ተዉ። 26 ይቀራችኋል። ንድፉ ከዘለበቱ እጥፋት 8 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይጀምር፣ ከመጀመሪያው ቀዳዳ 4 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ያቁም። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ቀዳዳ 87 ላይ ስለሚወድቅ ከ8 እስከ 83፣ ማለትም 75 ሴንቲ ሜትር የሚቀረጽ ቦታ አለ። 5 ሴንቲ ሜትር የሆነች አንዲት የሐረግ ቁራጭ ሣሉ፤ 15 ጊዜ ስትደጋገም ልክ ትገጥማለች። መገልበጡን ከመሀል ጀምሩና ወደ ሁለቱም ጫፍ ሂዱ። ስህተት ቢኖር እንኳ ወደ ዳር እኩል ይሄዳል።

ስም የምትጽፉ ከሆነ አቅጣጫውን አስቡ። ብዙ ወንዶች ቀበቶ የሚያስገቡት ከግራ ጎናቸው ነው። እንዲያ ከሆነ የቀበቶውን ፊት ወደ ላይ፣ ዘለበቱን ወደ ግራችሁ አድርጋችሁ ዘርጉት። ጽሑፉ ከዘለበቱ ወደ ጫፉ ይነበብ። ከኋላ ለሚያይ ሰው ቀጥ ብሎ ይታያል። በቀኝ የሚያስገባ ሰው ካለ ሁሉም ይገለበጣል፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ፊደላችን ቆዳ ላይ ያምራል፤ ግን ትናንሾቹ ቀለበቶች ያስቸግራሉ። የ«ሜ» ቀለበት ከታች ተጨፍልቃ ከተደፈነች «ሚ» ሆና ትቀራለች፤ ሜሮን የምትባል ልጅ ሚሮን የሚል ቀበቶ ትታጠቃለች። ፊደሉ ቁመቱ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ቀለበቷን በካተር አትሞክሩ፤ ጫፉ ክብ በሆነ ባዶ የብረት ቱቦ አንድ ጊዜ ምቷት።

ንድፉን በወረቀት ሳይሆን በቀጭን ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ሣሉ። ወረቀት እርጥብ ቆዳ ላይ ይበጣጠሳል።

ማርጠብ

ከዚህ ሥራ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ብዙ ሰው «መዶሻዬ ቀላል ሆኖ ነው» ወይም «ብረቴ ጥሩ ስላልሆነ ነው» ይላል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የውኃው ነው።

መጀመሪያ ከቆዳው የውስጥ ገጽ ላይ ሰፊ ፕላስተር፣ ካርቶን የሚታሸግበትን ዓይነት፣ ከዳር እስከ ዳር ለጥፉ። ይህ ቆዳው ሲመታ እንዳይረዝም ይይዘዋል። ከዚያ ስፖንጁን ንጹህ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ጨመቅ አድርጉትና ፊቱን በሙሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በእኩል አርሱ። አንድ ቦታ ብቻ ካረጠባችሁ ሲደርቅ የውኃ ወሰን የመሰለ መስመር ይተዋል፣ እሱም በቀላሉ አይጠፋም። ውኃው እስኪመጠጥ ጠብቁና አንዴ ድገሙት።

አሁን ቆዳው ጠቁሯል፣ ረክቷል። ለመምታት ግን ገና ነው። ጠቅልሉትና ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ እሰሩት፣ እንዲሁ ይደር። ሌሊቱን ውኃው ወደ መሀል ይገባል፣ እርጥበቱም እኩል ይሆናል። ጠዋት አውጡትና ዘርጉት። ከዚያ እየጠበቁ ማየት ነው። ቀለሙ ቀስ በቀስ ወደ ደረቅ መልኩ ይመለሳል። መልኩ ደረቅ ሊመስል ጥቂት ሲቀረው ጉንጫችሁ ላይ አስነኩት። መልኩ ደርቋል፣ ግን ይቀዘቅዛል? ሰዓቱ አሁን ነው።

ትክክል መሆኑን የሚነግራችሁ የመጀመሪያው ምት ነው። ከቆዳው ቁርጥራጭ ላይ ማህተሙን አንዴ ምቱ። የተመታው ቦታ ጠቆር ብሎ ለስለስ ያለ ቡናማ ቀለም ካወጣ፣ ጠርዙም ጥርት ካለ፣ ቀጥሉ። በብረቱ ዙሪያ ውኃ ብቅ ካለና ቅርጹ ልክ እንደ ሊጥ ከተድበለበለ በዝቷል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ብረቱ ከነጠረና ቀለም ካልወጣ ደግሞ ደርቋል፤ ስፖንጁን ቀለል አድርጋችሁ አሳልፉበት።

የአዲስ አበባ አየር እዚህ ላይ የራሱ ሥራ አለው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ አየር፣ በተለይ መስኮት ከተከፈተ፣ ቆዳው ከእጃችሁ ሥር ነው የሚደርቀው። የማትሠሩበትን ክፍል በፌስታል እየሸፈናችሁ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል እየገለጣችሁ ሥሩ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ የረጠበ ቆዳ ከሰዓታትም በኋላ እንደረጠበ ሊቆይ ይችላል፣ ከሁለት ቀን በላይ ፌስታል ውስጥ ካደረም ይሻግታል። ሥራውን ማቋረጥ ካለባችሁ ፌስታሉን ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት።

መቅረጽ

ፕላስቲኩን ከቆዳው ላይ አስቀምጡ፣ እንዳይንሸራተት በትንሽ ፕላስተር ያዙት። ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመሩን ተከትላችሁ ሂዱበት። ጫን ማለት አያስፈልግም፤ እርጥብ ቆዳ ቶሎ ይቀበላል።

ቀጥሎ መስመሩን በካተር ትቆርጣላችሁ። ጥልቀቱ ከቆዳው ውፍረት ሲሶ ያህል ይሁን፣ ከግማሽ እንዳያልፍ። ምላጩ ወደ ጎን ካዘመመ የመስመሩ አንድ ከንፈር ሥሩ ይቦረቦራል፣ በኋላ ይነሳል። ቀጥ አድርጉት። ወደ ራሳችሁ እየጎተታችሁ ቁረጡ፣ ኩርባ ላይ ስትደርሱ እጃችሁን ሳይሆን ቆዳውን አዙሩት። መስመሮች ከሚገናኙበት ቦታ ትንሽ ቀድማችሁ ብታቆሙ ይሻላል። ተሻግሮ የሄደ ቁርጥ አይመለስም።

ከዚያ ሰያፉ ማህተም ይመጣል። ወፍራም ጎኑን ወደ ቁርጡ አስጠግታችሁ ከጌጡ ውጭ ባለው በኩል ምቱ። እያንዳንዱ ምት ካለፈው ላይ ግማሽ ያህል ይደረብ። አንድ ቦታ ላይ ጠንክሮ መምታት ሳይሆን ቀለል ያለ፣ እኩል የሆነ፣ የማይቋረጥ ምት ነው የሚያስፈልገው። ምቱን በጆሮ መከታተል ይቻላል። ድምፁ እኩል ከሆነ ጥልቀቱም እኩል ነው። የብረት መዶሻ አትጠቀሙ፤ የማህተሙን ጭራ ያበላሻል፣ እጅንም ያደክማል። ከወይራ እንጨት የተሠራ መዶሻ ከብዙ ነገር ይሻላል።

የሐረጉ ውበት መደራረቡ ላይ ነው። አንዱ ገመድ በሌላው ላይ ያልፋል፣ ቀጥሎ በሥሩ ይገባል። ይህን የሚያሳየው ሰያፉ ማህተም ብቻ ነው። በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ ቆም በሉና የትኛው ከላይ እንደሆነ ወስኑ። ከላይ ያለውን ሳትነኩ፣ ከሥር የሚገባውን ገመድ በሁለቱም በኩል እስከ መሻገሪያው ድረስ ወደ ታች ጫኑት። በቀጣዩ መሻገሪያ ላይ ተራው ይገለበጣል። ከመጀመራችሁ በፊት ፕላስቲኩ ላይ ከላይ የሚያልፉትን በቀይ ነጥብ ምልክት አድርጉባቸው። አንዱ መሻገሪያ ከተሳሳተ ሐረጉ ከዚያ በኋላ በሙሉ ይበላሻል፣ ዓይንም ያንን ይይዘዋል።

ገመዶቹ ከተነሱ በኋላ በመሀላቸው ያለውን ባዶ ቦታ በነጥባሙ ማህተም ደልድሉት። ይህ አሰልቺ ነው፤ ግን ጌጡን የሚያጎላው ይህ ነው። መጨረሻ ላይ ዓይኖቹን በክቡ ምቱና ከዳር 4 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ በሁለቱም በኩል ቀጭን መስመር ጎትቱ።

ሲያልቅ ፕላስተሩን ቀስ ብላችሁ ላጡ። ቀበቶውን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ቢያንስ 24 ሰዓት አድርቁት። ፀሐይ ላይ ወይም ከሰል አጠገብ ካስቀመጣችሁት ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃልም።

ቀለም

ሳይቀባም ያምራል። በወይራ ዘይት ስስ አድርጋችሁ ካሻችሁትና አንድ ሁለት ቀን የከተማችንን ፀሐይ ካያ የማር ቀለም ይይዛል። ቅቤ ግን ይቅርባችሁ፤ ይከረፋል።

ጥቁር ከፈለጋችሁ ደግሞ ቅድም የፈራነው ብረት አሁን ያገለግላል። አንድ ብርጭቆ አቼቶ በጠርሙስ ውስጥ አድርጉና የዛገ ሚስማር ጨምሩበት። ክዳኑን አታጥብቁት፣ አየር ይፈጥራል። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ፣ ከዚያ በጨርቅ አጥልሉት። መጀመሪያ ቀበቶውን በወፍራም የሻይ ውኃ ቀቡት፤ ሻይ ታኒን ስለሚጨምር ጥቁረቱ ይጠልቃል። ቀጥሎ የአቼቶውን ውኃ ቀቡ። በደቂቃዎች ውስጥ ከዓይናችሁ ሥር ይጠቁራል። ይህ ከላይ የተቀባ ቀለም ሳይሆን ራሱ ቆዳው የተለወጠው ስለሆነ ሸሚዝ ላይ አይለቅም። ሲጨርስ ግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ አብሱት፣ በንጹህ ውኃ አለቅልቁት፣ ሲደርቅ ዘይት አጠጡት። ዘይቱን ቀድማችሁ ከቀባችሁ አይጠቁርም።

ቡናማ ወይም ቀይ ከፈለጋችሁ የቆዳ ቀለም ግዙ። በስስ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡ፣ ከደረቀ በኋላም ጨርቁ ላይ ምንም እስከማይወጣ ድረስ ወልውሉት።

ጠርዝ፣ ዘለበት፣ ቀዳዳ

ርዝመቱን አሁን ቁረጡ፣ ጫፉንም በፈለጋችሁት ቅርጽ አሹሉት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ክብ አድርጉ። በጣት ውኃ አስነኩት፣ ከዚያ በሸራ ጨርቅ እስኪሞቅና እስኪያንጸባርቅ ድረስ በፍጥነት ፈትጉት። ላዩ ላይ ሰም አሹበትና ድገሙት። ጠጅ የሚጥል ሰው የምታውቁ ከሆነ ሰፈፉን ለምኑት። በውኃ አፍልታችሁ በጨርቅ ስታጠልሉት፣ ሲቀዘቅዝ ንጹህ ሰም ከላይ ይረጋል። ለክሩም ይሆናችኋል።

ለዘለበቱ የተተወውን 8 ሴንቲ ሜትር ከውስጥ በኩል በስለት ፋቁና ውፍረቱን ወደ ግማሽ አውርዱት። አለበለዚያ እጥፋቱ ይወፍራል። በእጥፋቱ መሀል፣ 25 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ሁለት ቀዳዳ ብሱና በመካከላቸው ያለውን ቁረጡ። የዘለበቱ ምላስ የምትገባበት ይህ ነው። የቀበቶውን ጫፍ የምትይዘውን ቀለበት ለመሥራት 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ቆዳ በሦስት ድርብ ቀበቶ ዙሪያ ጠቅልሉ፣ የተገናኘበትን ምልክት አድርጉ፣ ቆርጣችሁ ጫፍ ለጫፍ ስፉት። ቀለበቷን ከዘለበቱ አጠገብ አስገቡና እጥፋቱን በማስቲሽ አጣብቁ።

ስፌቱ በሁለት መርፌ ነው። ክሩ ከስፌቱ ርዝመት አራት እጥፍ ይሁን፣ በየጫፉ አንዳንድ መርፌ። በ4 ሚሊ ሜትር ርቀት በወስፌ ብሱ። ሁለቱ መርፌዎች ከግራና ከቀኝ በአንዱ ቀዳዳ ይተላለፋሉ፣ ክሩም እኩል ይሳባል። አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል፤ የማሽን ስፌት ይህን አያደርግም። መጨረሻ ላይ ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ቁረጡና የክሩን ጫፍ በክብሪት አቅልጡ።

ቀዳዳዎቹ 5 ናቸው፣ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ርቀት። ከእጥፋቱ 92 ለኩና መካከለኛውን መጀመሪያ ብሱ፣ ከዚያ ወደ ሁለቱ ጎን። መብሻው 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከሥሩ ድንጋዩን ሳይሆን ወፍራም ጣውላ አድርጉ፤ ድንጋይ ላይ የተመታ መብሻ ስለቱ ወዲያው ይሞታል።

ሰውየው ሲታጠቀው መጀመሪያ ይጠነክርበታል። በእጅ እየጠቀለሉ ማላላት አያስፈልግም፣ ጌጡን ያሳሳዋል፤ በሳምንት ውስጥ ራሱ ወገብን ይለምዳል። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ስስ ዘይት ይበቃዋል። ዝናብ ከመታው በደረቅ ጨርቅ አብሶ ጥላ ውስጥ መስቀል ነው። ክረምት ላይ ፌስታል ውስጥ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ሻጋታ ያመጣል። ከሻገተም በአቼቶና በውኃ እኩል ተበጥብጦ በጨርቅ ይጠረግ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ዘይት ይቀባ።